ሰነድ ያልተሟላለት ፈላስፋ

በፍልስፍና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያመለክት ሰው ትምህርቱ የሚጀምረው ክፍል የገባ ዕለት ይመስለዋል። ተሳስቷል፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ሬጅስትራር መስኮት ላይ ነው። አንተ ማን ነህ? በምን ታረጋግጣለህ? ከየት መጣህ? ለምን መጣህ? ማንስ ይከፍልልሃል? ሰው ማሰብ ከጀመረ ወዲህ ጠቢባንን እንቅልፍ የነሱት ጥያቄዎች እነዚሁ ናቸው። ጠቢባኑ መልሱን ሳያገኙ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ መስኮቱ ግን መልሱን በሁለት ኮፒ፣ ማኅተም አሳርፎ፣ እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ይፈልገዋል።

ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ ክረምቱ ሲጋመስ ይወጣል። የሚሰለፉት ሰዎች ዓይነት ራሱን የቻለ ወግ ይወጣዋል። በፍልስፍና የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ፍልስፍና የማይነካካው ሥራ ላይ የተቀመጠ አለ። ሕግ ጨርሶ ሕጉ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያማረው አለ። ሰውን መጠየቅ የሰለቸው ጋዜጠኛ፣ ከነገረ መለኮት ኮሌጅ የወጣ ዲያቆን፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ማስተርስ ያለው» የሚል መደብ ሲከፈት የሚያደባ ሲቪል ሰርቫንት ሁሉ እዚያ አለ። እውነት ፍለጋ የመጣም፣ የደረጃ ዕድገት ፍለጋ የመጣም ይኖራል፤ አብዛኛው ግን ሁለቱን በአንድ ክላሰር ይዞ ነው የሚመጣው። ከማስታወቂያው ግርጌ ሁሉንም እኩል የምታደርግ አንዲት ዐረፍተ ነገር ትጠብቃቸዋለች፦ «ሰነዱ ያልተሟላ አመልካች አይስተናገድም።»

በዚህች ዐረፍተ ነገር ቢመዘኑ ኖሮ፣ ገብተው ከሚያጠኗቸው ታላላቆች ስንቶቹ ይስተናገዱ ነበር?

የመጀመሪያው ወጥመድ ስም ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ የአያት ስም በላቲን ፊደል በአንድ «ኤስ» ተጽፏል፤ ዲግሪው ላይ በሁለት። ፋይዳው ደግሞ አያትየውን በሦስተኛ መልክ መዝግቧቸዋል። ሽማግሌው በዕድሜያቸው የላቲን ፊደል ጽፈው አያውቁም፤ ዛሬ ግን ሦስት ሆነው የልጅ ልጃቸው መንገድ ላይ ቆመዋል። «ወንድሜ፣ እነዚህ እኮ ሦስት ሰዎች ናቸው» ትላለች የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ያለ አንዳች ክፋት። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ1694 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም፣ ሰውን ትናንትም ዛሬም ያው ሰው የሚያሰኘው ያለፈውን የራሱ አድርጎ ማስታወሱ ነው ብሎ ተከራክሯል። አመልካቹ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ከነላቡ ያስታውሳል። መስኮቱ ግን ለሎክ ክርክር የተዘጋጀ ቅጽ የለውም። ወረቀት ይምጣ፣ ማኅተም ይኑረው፣ ማኅተሙም ደብዛዛ እንዳይሆን።

የአገራችን ስመ ጥር ፈላስፋ እዚህ መስኮት ላይ ቢቀርብ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይመለስ ነበር። ሐተታ በተባለው መጽሐፉ እንደሚናገረው በ1599 አክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ቤት ተወለደ፤ የክርስትና ስሙ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፣ ሰዎች የሚጠሩት ግን ወርቄ ብለው ነበር። ሁለት ስም፣ አንድ ሰው፣ ዜሮ ማረጋገጫ። የትምህርት ማስረጃውም ቢሆን አያኮራም። ዜማ ቤት ገብቶ ድምፁ ሻካራ ሆነና ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ብዙም ሳይቆይ ትቶ ወጣ። ዛሬ ቢሆን «ዊዝድሮው» ተብሎ ዕድሜ ልኩን ይከተለው ነበር። ከዚያ ቅኔ አራት ዓመት፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ አሥር ዓመት ተማረ። ድምሩ አሥራ አራት ዓመት ነው፤ «ሲጂፒኤው ስንት ነው?» ቢባል ግን መልስ የለም።

የሥራ ልምድ የሚለው ሣጥን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተወንጅሎ፣ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ከተከዜ ወዲህ ባለ ዋሻ ውስጥም ሁለት ዓመት ያህል ብቻውን ቆየ። የፍልስፍናውን ዋና ዋና ሐሳብ ያገኘው እዚያ ነው። ዋሻው ግን ደብዳቤ አይጽፍም፤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በመልካም ሥነ ምግባር አገልግሏል» ብሎ የሚፈርምለት ኃላፊም አልነበረም። ኋላ እንፍራዝ ወርዶ ሀብቱ ከሚባል ባለጠጋ ዘንድ መጻሕፍት እየገለበጠና ልጆቹን እያስተማረ ኖረ። ሐተታውንም የጻፈው ከነዚሁ ልጆች አንዱ፣ ወልደ ሕይወት፣ ሐሳብዎን ጽፈው ይተዉልን ብሎ ስለለመነው ነው። ፕሮፖዛል አልቀረበም፤ አማካሪም አልተመደበለትም።

እንዲህ ሆኖም አልተላቀቀም። ሰነድ ማረጋገጫ ላይ የተያዘው ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተዘጋለትም። የሐተታው ቅጂዎች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በሚባል ኢጣሊያዊ ሚሲዮናዊ በኩል ለሰብሳቢው አንትዋን ዳባዲ ደረሱ፤ አሁን በፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በዳባዲ ስብስብ ውስጥ በቁጥር 215 እና 234 ተመዝግበው ተቀምጠዋል። ቁጥርማ አለው ማለት ነው። ነገር ግን በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ሊቅ ተነሥቶ፣ ይህን የጻፈው ሚሲዮናዊው ራሱ እንጂ ኢትዮጵያዊ አይደለም አለ። በ1953 አዲስ አበባ መጥቶ ፍልስፍና ማስተማር የጀመረው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ክሎድ ሰምነር ደግሞ ለወርቄ ጠበቃ ሆነ። ከ1974 ጀምሮ ባወጣቸው የኢትዮጵያ ፍልስፍና ቅጾች ጽሑፉን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየመረመረ የኢትዮጵያዊው ነው ብሎ ተሟገተ። በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታትሞ ወጣ፤ ክርክሩ ግን አልበረደም። ከመቶ ዓመት በላይ «በማጣራት ላይ ነው» የተባለ ፋይል ያለው ሰው ተማሪ ሆኖ ሊገባ ቀርቶ የትምህርቱ ርእስ ሆኖ እንኳ በመታወቂያው ይጠረጠራል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት የተመላለሰ አመልካች ከዚህ መጽናኛ ያገኛል ማለት ነው።

ስሙን የተሻገረ ሰው ቀጥሎ ከትራንስክሪፕት ጋር ይገናኛል። እዚህ ላይ የሬጅስትራር ሎጂክ ራሱን ችሎ አንድ ኮርስ ሊሰጥበት ይገባል። ስቱደንት ኮፒ ተማሪው እጅ ያለ ነው፤ ስለዚህ አይታመንም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ተማሪው ከፍቶ ያላየው ነው፤ ስለዚህ ይታመናል። በተማሪው ላይ የተጻፈው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ እውነት የሚሆነው ግን ባለቤቱ ሳያየው ከመዝገብ ቤት ወደ መዝገብ ቤት በታሸገ ፖስታ ሲጓዝ ብቻ ነው። ይህ ፖስታ እንዲንቀሳቀስ አመልካቹ ወደ ተማረበት ከተማ ይወርዳል፤ እዚያም ጥያቄው አጭር ነው፦ «ኮስት ሼሪንግ ከፍለሃል?»

ኮስት ሼሪንግ በ2003 በወጣ ደንብ የመጣ ነው። ተማሪው ውል ይፈርማል፣ ይማራል፣ ሥራ ሲይዝ የትምህርቱን ድርሻ ከደመወዙ ይከፍላል። አብዛኛው ተመራቂ እስከዚያው ድረስ በቴምፖራሪ ዲግሪ ይኖራል። አሳቡ ግን ከደንቡ ሁለት ሺህ ዓመት በላይ ይቀድማል። ሮማዊው ጸሐፊ አውሉስ ጌልዩስ እንደሚተርከው፣ ፕሮታጎራስ ኤዋትሉስ የተባለ ወጣት የክርክር ጥበብ እንዲያስተምረው ግማሹን ክፍያ ቀድሞ ተቀበለ፤ ቀሪውን የመጀመሪያ ክሱን ባሸነፈ ዕለት ሊከፍለው ተስማሙ። ልጁ ተማረና ፍርድ ቤት መቆም ተወ። መምህሩ ቢጨንቀው ከሰሰው። «ካሸነፍኩ በፍርዱ ትከፍላለህ፣ ከተሸነፍኩም የመጀመሪያ ክስህን ስላሸነፍክ በውላችን ትከፍላለህ» አለ መምህሩ። ተማሪውም ያንኑ ክርክር ገልብጦ መለሰለት፦ ካሸነፍኩ በፍርዱ አልከፍልም፣ ከተሸነፍኩ ደግሞ በውላችን አልከፍልም። ዳኞቹ ግራ ገባቸውና ቀጠሮውን ላልተወሰነ ጊዜ አራዘሙት። ሥራ ስላላገኘ ያልከፈለ፣ ስላልከፈለ ኦሪጂናል ዲግሪ ያልተሰጠው፣ ኦሪጂናል ስለሌለውም ሥራ ያላገኘ ምሩቅ ይህን ታሪክ ሲሰማ አይስቅም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ተማሪው «ጋት» የሚለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ስለ ፍትሕ፣ ስለ ነፍስ፣ ስለ ፈጣሪ መኖር ሲያሰላስል የከረመ ሰው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጥና አንድ ባቡር ከሌላው በስንት ሰዓት እንደሚገናኝ ይጠየቃል። ማጉረምረም ግን አያዋጣም። ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የፕላቶ አካዳሚ በር ላይ ጂኦሜትሪ የማያውቅ እንዳይገባ የሚከለክል ጽሑፍ ነበረ፤ ሒሳብን በማስፈራሪያነት መጠቀም የኛ ፈጠራ አይደለም።

አመልካቾች አብዝተው የሚያማርሩት ግን የአቀማመጡን ጥያቄ ነው። «አበበ ከከበደ በስተግራ ተቀምጧል፤ ጫልቱ ዳር ላይ አይደለችም፤ ሐጎስ ከጫልቱ ጎን መቀመጥ አይወድም፤ መካከል ላይ ያለው ማን ነው?» ይህ ከፍልስፍና ጋር ምን ያገናኘዋል ይላሉ። ፕላቶ «ሲምፖዚየም»ን የጻፈው እኮ በዚሁ ዘዴ ነው። አጋቶን ቤት የተጋበዙት ሰዎች በተቀመጡበት ተራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ስለ ፍቅር እንዲናገሩ ተስማሙ። የኮሜዲ ደራሲው የአሪስቶፋንስ ተራ ሲደርስ ስቅታ ያዘው፤ ሐኪሙ ኤሪክሲማኩስ ተራውን ወሰደለት። በመጨረሻ አልሲቢያደስ ሰክሮ መጣና በሶቅራጥስና በአጋቶን መካከል ተሰየመ። በዚያ ላይ ተራኪው ከመጀመሪያው ተናጋሪ በኋላ የተናገሩትን አንዳንዶቹን ዘንግቻቸዋለሁ ይላል። እንግዲህ ሦስተኛ የተናገረው ማን ነው? በጋት ቋንቋ ትክክለኛው መልስ «መ. በተሰጠው መረጃ መወሰን አይቻልም» ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ፣ በልማዱ «ሪኮመንዴሽን»፣ ሌላው ምሥጢር ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ተማሪውን የሚያውቁ ሁለት መምህራን ስለ እሱ በምሥጢር ይመሰክሩለታል። አፈጻጸሙ ግን በስልክ ነው።

«ዶክተር፣ ሪኮመንዴሽን እንዲጽፉልኝ ፈልጌ ነበር።»

«ደስ ይለኛል። በጣም ቢዚ ነኝ እንጂ። አንተው ጻፈውና በቴሌግራም ላክልኝ፣ እፈርምበታለሁ።»

አመልካቹም ሌሊት ቁጭ ብሎ ስለ ራሱ ይመሰክራል። ትንሽ ካመሰገነ ዕድሉን ያጣል፣ ብዙ ካመሰገነ ያፍራል። በመጀመሪያው ረቂቅ «ጎበዝ ተማሪ ነው» ይላል፤ በሁለተኛው «ከጎበዞቹ አንዱ»፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «በማስተማር ዘመኔ ካየኋቸው ሁሉ የላቀ» ላይ ይደርሳል። ከታች «ይህ ደብዳቤ ለአመልካቹ እንዳይታይ» ብሎ ራሱ ይጽፍበታል።

ያለ ደብዳቤ የተሻገረ ሰው ከተፈለገ ሉድቪግ ቪትገንሽታይን አለ። ማንችስተር የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሳለ ሒሳብ ወደ ሎጂክ ጎተተው፤ በ1911 ጀርመን አገር የና ከተማ ድረስ ሄዶ የሎጂክ ሊቁን ፍሬገን አነጋገረ፤ ፍሬገም ካምብሪጅ ሂድና ከፈላስፋው ራስል ተማር ብሎ መከረው። ሄዶ ሳይመዘገብ የራስልን ክፍል ገባ። ዲግሪ ሲፈልግ ደግሞ በ1929 ቀድሞ አሳትሞት በዓለም የታወቀውን «ትራክታተስ» የዶክትሬት ጽሑፍ አድርጎ አቀረበ፤ የፈተኑት ራስልና ሙር ነበሩ። መጽሐፉ ሰማንያ ገጽ እንኳ አይሞላም። የኛ ማስተርስ ተማሪ ምስጋናና ምኅጻረ ቃላት ብሎ ገና መግቢያው ሳይደርስ የዚያን ሩብ ይጨርሳል።

ከዚያ «ማን ይከፍላል?» ይመጣል። አመልካቹ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ አለቃው ዘንድ ለስፖንሰር ደብዳቤ ይሄዳል። አለቃው ደግ ሰው ናቸው፤ አካውንቲንግ ቢሆን፣ ማኔጅመንት ቢሆን ዛሬውኑ ይፈርሙ ነበር። «መሥሪያ ቤታችን ከፍልስፍና ምን ያገኛል?» ይላሉ። አመልካቹ ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ መልካም አስተዳደር፣ ስለ አመክንዮ ማስረዳት ሲጀምር «እባክህ አትፈላሰፍብኝ፣ ስብሰባ አለብኝ» ብለው ይሸኙታል። በሰነዱ ላይ «በራሱ ከፋይ» የሚለው ሣጥን ምልክት ይደረግበታል።

በራሱ ከፋዮች ሁሉ አባት የሚሆን ሰው አቴና ውስጥ ነበረ። ዲዮጋንስ ላኤርትዩስ እንደጻፈው ክሊያንተስ የቀድሞ ቦክሰኛ ነው፤ አራት ድራክማ ብቻ ይዞ ከተማዋ ገባ። ቀን ቀን የስቶይኮችን ትምህርት ቤት ከመሠረተው ከዜኖን ፍልስፍና ይማራል፣ ሌሊት በሰው አትክልት ቦታ ከጉድጓድ ውሃ ይቀዳል። ሥራ ሳይታይበት እንዲያ ደልድሎ መኖሩ ያጠራጠራቸው የከተማው ሰዎች መተዳደሪያህን አስረዳ ብለው ሸንጎ አቀረቡት። ውሃ የሚቀዳለትን አትክልተኛና ዱቄት የሚፈጭላትን ሴት በምስክርነት ጠራ። ዳኞቹ ተደንቀው አሥር ምና እንዲሰጠው ወሰኑ፤ ዜኖን ግን እንዳይቀበል ከለከለው። ይህ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ሆኖ ቆየና የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሆነ። ዛሬም የማታው ክፍል በዘመዶቹ ሞልቷል፦ ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ተሰልፎ፣ ቦርሳው ውስጥ ግማሽ ዳቦና ካንት ይዞ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ክፍል የሚሮጠው ሁሉ።

ፕሮፖዛሉ ላይ ሲደርሱ ቅጹ ራሱ ፈላስፋ ይሆናል። «የጥናቱ ዓላማ»፣ «የጥናቱ ጥያቄ»፣ ከዚያ ወረድ ብሎ «የሚጠበቅ ውጤት» ይላል። ሜኖን የተባለው ወጣት ሶቅራጥስን ያስጨነቀው በዚሁ ነበር፤ የማታውቀውን ነገር እንዴት ትፈልገዋለህ? ብታገኘውስ እሱ መሆኑን በምን ታውቃለህ? ሶቅራጥስ ነፍስ ከመወለዷ በፊት የምታውቀውን ታስታውሳለች ብሎ ረጅም መንገድ ተጉዞ መለሰ። የኛ አመልካች አጭሩን መንገድ ያውቃል፤ አምና ካለፈ ተማሪ የተላከለትን ፕሮፖዛል ይከፍታል።

በቃለ መጠይቁ ዕለት ኮሚቴው «ፍልስፍናን ለምን መረጥክ?» ይላል። ሁሉም ከልጅነቱ ጀምሮ ጠያቂ እንደነበረ ይናገራል። ዜኖን ቢጠየቅ መልሱ አጭር ነበር፦ መርከቤ ሰጠመች። የሐምራዊ ቀለም ነጋዴ ነበር፤ አቴና ዳርቻ ንብረቱን ባሕር በላው፣ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ተቀምጦ ስለ ሶቅራጥስ ሲነበብ ሰማ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች የት ይገኛሉ ብሎ ጠየቀ፤ ሻጩም በዚያ ሲያልፍ የነበረውን ክራተስን አሳየው። ሌላው ዲዮጋንስ፣ የሲኖፑ፣ ደግሞ አንቲስተነስ አላስተምርም ብሎ በትር ቢያነሣበት ጭንቅላቱን አቀረበለት ይባላል። ይህን ዓይነት መልስ በነጥብ መስጫው ቅጽ ላይ የት እንደሚያስቀምጡት ኮሚቴው ይቸገራል።

ከኮሚቴው የሚከብደው ቃለ መጠይቅ ግን ቤት ውስጥ፣ ቡና ላይ ነው። «ልጄ፣ ይሄን ተምረህ ምን ትሆናለህ?» አመልካቹ ስሞች ያዘጋጃል። ፕሮፌሰር እንድርያስ እሸቴ የፍልስፍና ሰው ሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ፕሮፌሰር መሳይ ከበደ የስድስት ኪሎውን የፍልስፍና ክፍል መርተው ኋላ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እናት የምትሰማው «ፕሬዚዳንት»ን እና «አሜሪካ»ን ነው፤ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ሐሳቧ ለስለስ ይላል። «እና ደመወዙ?» ትላለች ሦስተኛው ላይ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ማመልከቻው ገብቷል፣ የማመልከቻው ብር በቴሌብር ተከፍሏል፣ ቴሌግራሙ ላይ ግን ውጤት የለም። እዚህ ላይ የካርል ማርክስን ነገር ማንሣት ቅናት ያመጣል። በርሊን ተምሮ ሲያበቃ፣ ስለ ዴሞክሪጦስና ኤጲቆሮስ የጻፈውን ጥናት ሚያዝያ 6 ቀን 1841 ወደ የና ዩኒቨርሲቲ በፖስታ ላከ፤ ሚያዝያ 15 ዶክተር ተባለ። ዘጠኝ ቀን፣ ያለ ቃለ መጠይቅ፣ እዚያ ከተማ ሳይረግጥ። በደርግ ጊዜ የማርክስን ፍልስፍና በግድ የተማረው የኢትዮጵያ ተማሪ ትውልድ ይህን ክፍል ያስተማረው አልነበረም።

ውጤቱ የሚወጣው ሰው መጠበቅ ሲተው ነው። አመልካቹ አልፏል። ገና ለምዝገባ ሳይሰለፍ ስልኩ ይጮኻል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ አብራው የተማረች፣ ለሁለተኛው ዙር የምታመለክት ጓደኛው ናት።

«እንኳን ደስ ያለህ! ስማ፣ ያቺን ሪኮመንዴሽን ላክልኛ። ዶክተር አንቺው ጻፊው ብሎኛል።»

«እሷ እኮ የኔ ናት። በማስተማር ዘመኔ ካየኋቸው ሁሉ የላቀ ነው ትላለች።»

«እና ምን ችግር አለው፣ የላቀች ነች እላታለሁ።»

«የዶክተር ፊርማ ያለባት እኮ ናት። ሁለታችንም ከሁሉ ልንልቅ አንችልም፣ እርስ በርሱ ይጋጫል።»

«እሱን ክፍል ስንገባ እንከራከርበታለን» ትለዋለች። «ወርዱን ላከው፣ ፒዲኤፉን አይደለም።»